ቅጣት እየፈጸሙ ውጭ መሥራት፦ አሜሪካ ውስጥ ካሉት መንገዶች የትኛው ለማን ይበጃል?

እስራት የተፈረደበት ሰው ሥራውን ይዞ ቅጣቱን የሚፈጽምባቸው መንገዶች አሜሪካ ውስጥ በርከት ያሉ ናቸው። የቅዳሜና እሁድ እስር አለ፤ የካውንቲ ወርክ ሪሊዝ (ቀን ውጭ ሠርቶ ማታ እስር ቤት ማደር) አለ፤ እግር ላይ በሚታሰር መሣሪያ እየተከታተሉ ቤት መዋል አለ፤ የስቴት ማረሚያ ቤቶች የሥራ ማዕከላትና የፌዴራሉ ሃፍዌይ ሃውስም (እስረኛ መውጫው ሲቃረብ የሚገባበት መሸጋገሪያ ቤት) አሉ። ጠበቃው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ያነሳል፣ ቤተሰቡም "ሥራው እንዳይቋረጥ ብቻ" ብሎ የቀረበለትን ይቀበላል። ከመቀበል በፊት ሦስት ነገር ማስላት ይገባል፦ ተቆራርጦ እጅ ላይ የሚቀረውን ገንዘብ፣ አንዲት መዘግየት የምታመጣውን ጣጣ፣ ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ፋይሉን። የሰዓት ክፍያው ከእነዚህ ኋላ ይምጣ።

ይህን ከአመክሮ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አመክሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ከተፈጸመ በኋላ የሚሰጥ ነው፤ ሰውየው ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ወርክ ሪሊዝ ላይ ያለ ሰው ግን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነም ቢሆን በሕግ ዓይን እስረኛ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ያልተፈቀደለት ቦታ ከተገኘ ጉዳዩ ከአሠሪው ጋር አያልቅም፣ ከእስር የማምለጥ ክስ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ቅጣቱ የማን ነው?

ምርጫውን ከሁሉ በፊት የሚወስነው ይህ ነው። በአብዛኛው ስቴት እስከ አንድ ዓመት ያለ ቅጣት በካውንቲ እስር ቤት ይፈጸማል፤ እዚያ ሥልጣኑ የዳኛውና የሸሪፉ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ስቴት ማረሚያ ቤት ይሄዳል፤ ውጭ ሥራ የሚፈቀደውም መጨረሻው ሲቃረብ ነው፣ ውሳኔውም የማረሚያ ቤቱ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ሌላ ሥርዓት ውስጥ ይገባል፤ ዳኛው ከመምከር ያለፈ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ የፌዴራል ፍርደኛ ስለ ካውንቲ ወርክ ሪሊዝ ቢያጠና፣ የካውንቲ ፍርደኛም ስለ ሃፍዌይ ሃውስ ቢጠይቅ ጊዜ ማባከን ነው።

የካውንቲ ወርክ ሪሊዝ

የመጀመሪያው ሕግ በዊስኮንሲን በ1913 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። በሴናተር ሄንሪ ሁበር ስም እስከ ዛሬ "የሁበር ሕግ" ይባላል። ሰውየው ቀን ይሠራል፣ ማታ እስር ቤት ያድራል። ቋሚ ደሞዝ፣ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ አድራሻ ላለው ተቀጣሪ፣ ቅጣቱም ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ለሆነ፣ ካሉት ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው እንላለን። ግን በሩ ጠባብ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጠበቃው ፍርድ በሚሰጥበት ዕለት ዳኛው ወርክ ሪሊዝን በትእዛዙ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቃል። ያልተጻፈ ነገር በኋላ ለማስጨመር ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የጠበቃ ክፍያ ይጠይቃል። የዳኛው ፈቃድም ብቻውን አይበቃም፤ የእስር ቤቱ ሠራተኞች የወንጀሉን ዓይነት፣ የቀድሞ ታሪክን፣ ያልተዘጋ ሌላ ክስ መኖር አለመኖሩን አይተው ሊከለክሉ ይችላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ እጅ የሚሰጥበትን ቀን ማራዘም ነው። ከችሎት በቀጥታ የገባ ሰው ማመልከቻው እስኪታይ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አሠሪው ደግሞ አይጠብቅም። ብዙ ሥራ የሚጠፋው በፍርዱ ሳይሆን በእነዚህ መካከለኛ ቀናት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢፈቀድ ወረቀቱ አስቀድሞ ያልቃል።

ከአሠሪው የሚመጣው ደብዳቤ የድርጅቱን ሙሉ አድራሻ፣ የቅርብ አለቃውን ስልክ፣ የሥራ ቀንና ሰዓት፣ የሰዓት ክፍያውንና በቼክ ወይም በባንክ እንደሚከፈል መግለጽ አለበት። የሥራ ላይ ጉዳት መድን መኖሩም ቢጻፍ ይረዳል። አሠሪው ስለ እስራቱ የግድ ይነገረዋል፤ እስር ቤቱ እየደወለ፣ አንዳንዴም ሰው እየላከ ያጣራልና። ደብቆ መግባት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለው የኛን ሰው በተለይ የሚነካ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ኡበርን፣ ሊፍትን፣ ታክሲንና የምግብ ማድረስ ሥራን አይቀበሉም፤ ሰውየው በየትኛው ሰዓት የት እንደሆነ ማረጋገጥ አይችሉምና። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሥራ አይታሰብም። የወንድም ወይም የባለቤት ሱቅ ውስጥ መሥራት አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ነው፣ የራስ ድርጅትም እንዲሁ። (ዊስኮንሲን ለየት ይላል፤ ሕጉ የግል ሥራን፣ ቤት ማስተዳደርንና ቤተሰብ መንከባከብን ጭምር ይጠቅሳል።) መጠጥ የሚሸጥበት ምግብ ቤት፣ በየቀኑ ቦታ የሚቀያየር የጽዳት ሥራ፣ ከካውንቲው ወይም ከስቴቱ ድንበር ውጭ ያለ ሥራም ይከለከላሉ። ቨርጂኒያ ተፈርዶበት ዲሲ የሚሠራ ሰው ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ በፊት ይጠይቅ።

ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ፍርዱ ከመሰጠቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጋዘን፣ ሆቴል፣ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሌላ ዳብልዩ ቱ (የተቀጣሪ ዓመታዊ የደሞዝ ወረቀት) የሚሰጥ ሥራ ቢይዝ ያዋጣዋል። የሰዓት ክፍያው ዝቅ ቢልም ጥቂት የፔይ ስተብ ወረቀቶች በእጅ መኖራቸው ማመልከቻውን ያነሳዋል።

የቅዳሜና እሁድ እስር

ሲሰሙት የሚያጓጓ ነው፤ ዓርብ ማታ ገብቶ እሁድ ማታ መውጣት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ የሚፈቅደው የሚቀረው ቅጣት 45 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲሆንና ሰውየው ሥራውን እንዲይዝ ሲባል ነው። ሌሎች ስቴቶችም ለአጭር ቅጣት ብቻ ነው የሚጠቀሙበት።

ከመቀበል በፊት ግን ቀኑን ይቁጠሩ። አንድ ሳምንት መጨረሻ ሁለት ቀን ሆኖ ቢቆጠር 30 ቀን ማለት 15 ሳምንት፣ ሦስት ወር ተኩል ነው። በመልካም ጠባይ የሚገኘው ቅናሽ በሳምንት መጨረሻ ለሚገቡ በብዙ ቦታ አይታሰብም። በአንጻሩ ቨርጂኒያ ውስጥ በቀላል ወንጀል 30 ቀን የተፈረደበትና በአንድ ጊዜ የሚገባ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ቀን እየተቆጠረለት 15 ቀን ገደማ ቆይቶ ይወጣል። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካለው ሥራው ምንም ሳይነካ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ከአንድ ወር በታች ለሆነ ቅጣት ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጠበቆች ግን ሳያነሱት ያልፋሉ።

በየሳምንቱ መግባት በየሳምንቱ መፈተሽ፣ ሽንት መስጠት፣ በትንፋሽ መመርመር ማለት ነው። 15 ጊዜ መግባት 15 ጊዜ የመዘግየት ዕድል ነው። ቅዳሜና እሁድ ፈረቃ ያለበት ሥራ፣ ማለትም ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ ይህ መንገድ ምንም አይጠቅምም።

ቤት ሆኖ በመሣሪያ መከታተል

እጅ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስቀረውና ልጆች ላሏቸው የሚመቸው ይህ ነው። ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንዱ ቤት ውስጥ ከሚቀመጥ ሳጥን ጋር በሬዲዮ ሞገድ ይገናኛል፤ የሚያውቀው ሰውየው ቤት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ሌላው ጂፒኤስ ነው፤ የሄደበትን ሁሉ ይመዘግባል። ጂፒኤሱን በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ሁለት ሰዓት ገደማም ግድግዳ አጠገብ ያስቀምጣል። ባትሪው ሥራ ላይ ቢያልቅ ለተቆጣጣሪው የሚደርሰው መልእክት "ጠፋ" የሚል ነው።

ቤዝመንት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ከመፈረሙ በፊት ምልክቱ መግባቱን እንዲሞክሩለት ይጠይቅ። በኮንክሪት የተከበበ ክፍል ውስጥ ምልክቱ በየሌሊቱ እየጠፋ ያለጥፋት ማስጠንቀቂያ ይከማቻል። በመጠጥ ምክንያት የተቀጣ ሰው የሚያስሩለት መሣሪያ ከላብ ላይ አልኮልን በየ30 ደቂቃው ይለካል፤ ሳኒታይዘር፣ ሽቶና አልኮል ያለበት ቅባት እግሩ አካባቢ መጠቀም የለበትም።

የሳምንቱ ፕሮግራም አስቀድሞ ይቀርባል። ቅዳሴና የጁምዓ ሶላት በብዙ ቦታ ይፈቀዳሉ፣ የተጻፉ ከሆነ። የትንሣኤ ሌሊት ግን ልዩ ጥያቄ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ አምልኮ መኖሩን የማያውቅ ተቆጣጣሪ ስህተት መስሎት ሊሰርዘው ይችላልና ከቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ይያያዝ። ለቅሶም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሞቶ ተነስቶ መሄድ የለም፣ መጀመሪያ ስልክ ነው።

የመሣሪያው ክፍያ በብዙ ካውንቲ የታራሚው ነው፣ በየቀኑም ይታሰባል። መክፈል ለማይችል ሰው ቅናሽ መኖሩን ፍርዱ ሲሰጥ ይጠይቁ፤ ውዝፍ ከተጠራቀመ በኋላ ማንም አይሰማም።

የስቴት ማዕከላት

እንደ ስቴቱ በጣም ስለሚለያዩ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ዋሺንግተን ስቴት ወርክ ሪሊዝ ይላቸው የነበሩትን ቤቶች አሁን የሽግግር ማዕከል ይላቸዋል፤ ሰው የሚገባባቸው መውጫው ሲቃረብ ነው። አላባማ ደግሞ ከጥቅል ደሞዙ 40 በመቶ ለእስር ወጪ ይወስዳል፤ በተጨማሪ ወደ ሥራ ለመመላለሻ በቀን 5 ዶላር፣ ለልብስ አጠባ በወር 15 ዶላር ያስከፍላል። ይህ አሠራር በ2023 እ.ኤ.አ. በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበታል። የስቴት ታራሚ ለኬዝ ማናጀሩ ማቅረብ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት በመቶ፣ ከጥቅሉ ነው ከተጣራው?" የሚል ነው። ሃያ አምስት ከጥቅሉና ሃያ አምስት ከተጣራው አንድ አይደሉም።

የፌዴራሉ ሃፍዌይ ሃውስ

የፌዴራል እስረኛ ውጭ እንዲሠራ በር የተከፈተው በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ዛሬ ዋናው መንገድ ከመውጫው በፊት እስከ 12 ወር ድረስ ሃፍዌይ ሃውስ መግባት ነው። ከዚያ ውስጥ ቤት ሆኖ መፈጸም የሚቻለው ከቅጣቱ 10 በመቶ ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 30 ወር የተፈረደበት ሰው 3 ወር ያገኛል፤ 90 ወር የተፈረደበት ግን 9 ሳይሆን 6። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈርስት ስቴፕ አክት ሌላ መንገድ ጨምሯል፦ በተፈቀዱ ፕሮግራሞች ለተሳተፈ በየ30 ቀኑ 10 ቀን፣ ዝቅተኛ ስጋት ሆኖ በተከታታይ ግምገማ ለቆየ 15 ቀን ይታሰባል። በዚህ የተገኘ ቀን ለቤት እስር ሲውል የ6 ወሩ ጣሪያ አይመለከተውም። ከሕጉ ውጭ የተደረጉ ረጅም የወንጀሎች ዝርዝር ስላለ ጠበቃው አንቀጹን በስም እንዲያሳይ ያድርጉ።

ስለ ሃፍዌይ ሃውስ የሚደረገው ግምገማ ከመውጫው 17 እስከ 19 ወር ቀደም ብሎ ይጀመራል። ቤተሰቡ የመኖሪያ አድራሻ፣ የሥራ ተስፋና የሕክምና ወረቀት ማዘጋጀት ያለበት ያኔ ነው። ከገባ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራበት ሥራ እንዲይዝ ይጠበቃል። ከጥቅል ገቢው 25 በመቶ ለቤቱ ይከፍላል።

አሥራ አምስት ቀን አጭር ነው። የሚያጥረው ደግሞ ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን ወረቀት ጠፍቶ ነው። አሠሪው ሥራ በተጀመረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ለሚረጋገጥበት አይ-9 ቅጽ ዋናውን ሰነድ፣ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን፣ ማየት አለበት። ግሪን ካርዱ ወይም የሥራ ፈቃዱ ሰውየው ውስጥ እያለ አልቆበት ይሆናል፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ ቤት ሲቀየር ጠፍቶ ይሆናል። እድሳቱ ወራት ስለሚወስድ ቤተሰቡ ከስድስት ወር በፊት ይጀምር።

ውስጥ ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሥራት

ውጭ መውጣት ለማይፈቀድለት ሰው ይህ ይቀራል። በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች እስረኞችን የሚያሠራው የማምረቻ ድርጅት፣ ዩኒኮር፣ በሰዓት ከ23 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ይከፍላል፤ የወጥ ቤትና የጽዳት ሥራ ደግሞ ከ12 እስከ 40 ሳንቲም። በ1979 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሌላ ፕሮግራም የግል ድርጅቶች በስቴት ማረሚያ ቤት ውስጥ ሲያሠሩ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ደሞዝ መክፈል አለባቸው። ተቆራጩ ከጥቅሉ 80 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድባል፤ ከተቆራጩ ውስጥ የጥቅሉ ከ5 እስከ 20 በመቶ ለተጎጂዎች ካሳ ነው። ቦታው ግን ጥቂት ነው፣ ተራውም ረጅም።

እጅ ላይ የሚቀረው

በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ጥቅሉ 720 ዶላር ነው እንበል። ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ፣ 55 ዶላር ገደማ ይወስዳሉ። የገቢ ግብሩ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይለያያል፤ ለስሌት ያህል ሌላ 55 እንውሰድ። 610 ዶላር ይቀራል። ሃፍዌይ ሃውስ ከጥቅሉ 180 ሲወስድ 430 ይሆናል። በአላባማ ስሌት 288ቱ፣ የአምስት ቀን መመላለሻና የልብስ አጠባው ሲቀነስ 293 ገደማ ነው። ቤት ሆኖ የሚከታተሉት ሰው መሣሪያው በቀን 15 ዶላር ቢሆን በሳምንት 105 ከፍሎ 505 ይቀረዋል፤ ግን ኪራይና አስቤዛ ከዚያው ነው። ዩኒኮር ላይ በትልቁ ክፍያ 40 ሰዓት የሠራ ሰው 46 ዶላር ያገኛል፤ ፍርድ ቤት የጣለበት መቀጮ ካለ ከዚያ ግማሹ እንዲሄድ ይጠበቃል።

የልጅ ቀለብ ያለበት ሰው ሌላ መስመር ይጨምር። የፌዴራል ሕግ ለቀለብ ከተጣራው ደሞዝ ከ50 እስከ 65 በመቶ እንዲያዝ ይፈቅዳል። የሃፍዌይ ሃውሱ 25 በመቶና የቀለቡ ግማሽ ሲደመሩ ሰውየው ሠርቶ የአውቶቡስ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። የቀለቡ መጠን በገቢው ልክ እንዲስተካከል የሚቀርበው አቤቱታ ከመግባት በፊት መቅረብ አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ላለፈው ውዝፍ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀንስም።

ዜጋ ላልሆነ ሰው

ኢሚግሬሽን ሆልድ (ከመለቀቅ ይልቅ ለኢሚግሬሽን ተላልፎ እንዲሰጥ የሚል ጥያቄ) የተጻፈበት ሰው በብዙ ቦታ ወርክ ሪሊዝም ሃፍዌይ ሃውስም አያገኝም። የመጨረሻ የማስወጣት ትእዛዝ ያለበት የፌዴራል እስረኛ በፈርስት ስቴፕ አክት ያገኘውን ቀን ሊጠቀምበት አይችልም። እስር ቤት ሲገባ የሚሰጠው አሻራ ለሆምላንድ ሴኪዩሪቲም ይደርሳል፤ የቅዳሜና እሁድ እስር ደግሞ በየሳምንቱ ደጋግሞ መግባት መሆኑ አይረሳ።

ዋናው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። ለአንዳንድ ወንጀሎች፣ ለምሳሌ ለስርቆትና ለኃይል ድርጊት፣ የተፈረደው እስራት አንድ ዓመት ከሞላ የኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ከሚላቸው ተርታ ይገባል። የሚቆጠረው የታሰረበት ሳይሆን የተፈረደበት ነው፤ የታገደውም ይደመራል። ቨርጂኒያ ውስጥ "12 ወር፣ ሙሉ በሙሉ የታገደ" የሚል ፍርድ የዋህ ይመስላል፤ ሰውየው አንድም ቀን ሳይታሰር ግሪን ካርዱን ሊያሳጣው ይችላል። ወርክ ሪሊዝ ተፈቀደለት ማለትም ቁጥሩን አያሳንሰውም። ካሊፎርኒያና ዋሺንግተን የቀላል ወንጀል ጣሪያቸውን 364 ቀን ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌላ ቦታ ጠበቃው ከ365 በታች እንዲጻፍ መደራደር አለበት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በፓዲያ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ይህን መዘዝ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ሌላም ገደብ አለ፦ ለዜግነት በሚታየው ጊዜ ውስጥ በፍርድ በድምሩ 180 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እስር ቤት የቆየ ሰው መልካም ጠባይን ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ቤት በመሣሪያ መፈጸምና ወርክ ሪሊዝ ውስጥ ማደር ለአንድ ግሪን ካርድ ያዥ እኩል ምርጫ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ከፍርዱ በፊት ይጠየቅ።

ሰው ወደ ሙሉ እስር የሚመለስባቸው ምክንያቶች

አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። አውቶቡስ መዘግየት፣ አለቃ "አንድ ሰዓት ጨምር" ሲል እሺ ማለት፣ ሥራ ቀድሞ ሲያልቅ ቡና ጠጥቶ መመለስ፣ ሥራ ቦታ ጓደኛ ምግብ ይዞ መምጣት። ተጨማሪ ሰዓት አስቀድሞ ካልተፈቀደ አይሠራም፤ ሥራ ቀድሞ ካለቀ ወዲያው ይደወላል። ዊስኮንሲን ውስጥ ሸሪፉ ለሥርዓት ጥሰት እስከ 5 ቀን መውጣት ሊከለክል ይችላል፤ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ደግሞ ሥራው መኖሩ ያጠራጥራል። ከፌዴራል ሃፍዌይ ሃውስ ሆን ብሎ አለመመለስ ማምለጥ ነው፤ እስከ 5 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል።

የዕፅ ምርመራው ላይ የኛን ሰው የሚጥለው ጫት ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከአደገኛዎቹ ዕፆች የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ ነው፤ "ሀገር ቤት የተፈቀደ ነው" የሚለው መልስ ማንንም አላዳነም። ጠላና ጠጅም፣ ሠርግ ላይ አንድ ብርሌም ብትሆን፣ በትንፋሽ ትታያለች።

ለአሠሪውና ለግብር

የሚያመነታ አሠሪ ካለ ፌዴራል ቦንዲንግ ፕሮግራም የሚባለውን ይንገሩት። ሠራተኛው ቢሰርቅ ወይም ቢያጭበረብር ለመጀመሪያው ስድስት ወር 5,000 ዶላር ያለምንም ክፍያ ይሸፍናል፤ የሚጠየቀውም በስቴቱ የሥራ ኤጀንሲ በኩል ነው።

ግብር ሲሞላ ደግሞ ወርክ ሪሊዝ ወይም ሃፍዌይ ሃውስ እያሉ የተገኘ ደሞዝ ለኧርንድ ኢንከም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ ለሚሰጠው የግብር ድጋፍ) አይቆጠርም። ግብሩ ይከፈልበታል፣ ክሬዲቱ ግን አይሰላበትም። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ እንደወትሮው ብሎ ሞልቶ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ መልሶ ይጠይቃል። ግብር የሚሞላላችሁ ሰው ያን ደሞዝ በስኬጁል 1 ላይ በእስር ጊዜ ለተገኘ ደሞዝ በተለየው መስመር፣ 8ዩ ላይ፣ እንዲያስገባ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከዳብልዩ ቱው ላይ ብቻ አይቶ ሊያውቀው አይችልም።